የሚተከል ጥርስ ለማን ይሆናል?



ባለፈው ዒድ አል አድሐ የጥኖራ ወደሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። የጥኖራ በደርግ ዘመን በገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። አጎቴ እዚያ ከ30 ዓመት በላይ ቁርኣን አቅርተዋል። እኔም የአማርኛ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት አሊፍ፣ ባን የቆጠርኩት ከእርሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው።

የላይኛዎቹ አራት የፊት ጥርሶቻቸው በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ወልቀዋል። ሥጋ ማኘክ ስለመቸገራቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው። ቁርኣን የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው ሣ፣ ዛልና ዟ የሚባሉት ሐርፎች የሚወጡት የምላስ ጫፍ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ጠርዝ ሲነካ ነው። ፋም ቢሆን የታችኛው ከንፈር እነዚያኑ ጥርሶች ይሻል። በዐረብኛ «ኃጢአት» የሚለውና «ስም» የሚለው ቃል የሚለዩት በአንዲት ሐርፍ ነው፤ በአንደኛው ሣ አለ፣ በሌላኛው ሲን። ጥርስ ከሌለ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። አጎቴ እዚህ ሐርፍ ላይ ሲደርሱ ልጆቹን «ከእርሱ ስሙ» እያሉ ወደ ትልቁ ደረሳ ሲጠቁሙ አየሁ። ዐይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ።

ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ይህን ሰምታ የሁለት ዓመት ቁጠባዋን ላከች። «አሠሪዬ የተከለችውን ዓይነት ጥርስ አባቴም ይተከልለት» አለች። ባለቤታቸው በዚያ ገንዘብ ቤቱ ቆርቆሮ ቢለብስ ይሻላል ይላሉ። አጎቴ ደግሞ «በዚህ ዕድሜዬ የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንብኝም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መድረሳም ትምህርት ቤትም የገባ ሰው ዕዳው ይህ ነው፤ ከሁለቱም በኩል ይጠየቃል።

በመጀመሪያ የዲኑን ጥያቄ እናንሣ፤ እርሱ ቀላሉ ነውና። ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ የተባሉት ሶሐባ ከእስልምና በፊት በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ነበር። በብር አፍንጫ ቢተኩት ሸተተባቸው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) የወርቅ አፍንጫ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ሐዲሱን አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። ቲርሚዚ አያይዘው ከዑለማ መካከል ጥርሳቸውን በወርቅ ያሰሩ እንደነበሩ ያወሳሉ። ለወንድ ወርቅ ማጌጫ ክልክል ሆኖ ሳለ ለጎደለ አካል ከተፈቀደ፣ ወርቅም ብርም ላልሆነው ታይታኒየም ምን ክርክር ይኖራል? የተከለከለው ሌላ ነው፤ ጤነኛን ጥርስ ለውበት ሲባል ሞርዶ ማራራቅ ነው። በእኛ አገር እናቶቻችን ድዳቸውን ይነቀሱት የነበረውም ከንቅሳት ክልከላ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ ጉባኤም በአደጋ ወይም በበሽታ የመጣን ጉድለት ማስተካከልን ፈቅዷል።

አጎቴ በዚህ አላበቁም። «ስሞትስ ይነቀላል?» አሉ። አጥንት ውስጥ የገባ ነገር የሬሳን ክብር ሳይነካ አይወጣምና ይተዋል አልኳቸው። «እንግዲያ ከእኔ ጋር ይቀበራላ!» ብለው ሳቁ። ያን ቀን ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥርሱ እንምጣ። የሚተከል ጥርስ፣ ሐኪሞች ኢምፕላንት የሚሉት፣ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ ትንሽ የታይታኒየም ብሎን ነው። በላዩ ላይ የጥርስ መልክ ያለው ቆብ ይደፋበታል። ነገሩ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 የአጥንትን የደም ዝውውር ሊያጠና በጥንቸል እግር ውስጥ የታይታኒየም መመልከቻ አስገባ። ጥናቱ ሲያልቅ ሊያወጣው ቢሞክር አጥንቱ ብረቱን ይዞ አልለቅ አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዮስታ ላርሰን ለተባለ፣ ከትውልዱ መንጋጋው ችግር ላለበት ሰው ተከለለት። ሰውየው በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ተጠቀመበት።

ምሥጢሩ ያለው እንግዲህ አጥንቱ ላይ ነው፤ ብረቱ ላይ አይደለም። አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። ጥርስ የወለቀበት አጥንት ደግሞ ሥራ እንደፈታ ሰው ይከሳል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ይቀንሳል። ሲያንስ ሌላ አጥንት ይጨመርበታል። ከዚህ ላይ ሙስሊም ሕመምተኛ አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። የሚጨመረው ከራስ አካል፣ ከሌላ ሰው፣ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከሰው ሠራሽ ማዕድን ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ምርጫ ካለው ሌላውን ይሠራል፤ ካልተጠየቀ ግን አይነግርም።

ከዒዱ በኋላ አጎቴን ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ክሊኒክ ይዤ ሄድኩ። የሆነውን ልንገራችሁ። ወጣቱ ባለሙያ አፋቸውን በባትሪ አየና «ዛሬውኑ እንጀምር» አለ። ስኳር አለባቸው ወይ ብሎ አልጠየቀም። የሚወስዱትን መድኃኒት አልጠየቀም። የራጅ ፊልም እንኳ አላነሣም። ክፍያው ግን ግማሹ በቅድሚያ ነበር። እኔ «እናስብበት» ብዬ ስወጣ አጎቴ ዝም አሉ። ከመናኸሪያው ስንደርስ «ልጄ፣ የልጅቱን ላብ በአንድ ጧት ልናፈሰው ነበር» አሉኝ።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ በባዶ ሆድ ያስመረመርናቸው ስኳር ከ200 በላይ ሆነ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራም ከ9 በመቶ አለፈ። ለካስ ጥርሶቹ ተቦርቡረው አልነበረም የወለቁት። ድዳቸው ታምሞ፣ ሥራቸውን የያዘው አጥንት ተበልቶ፣ እየተነቃነቁ ነው የወደቁት። ስኳር ድድን ያሳምማል፣ የታመመ ድድ ደግሞ ስኳሩን ያባብሳል፤ ሁለቱ ይመጋገባሉ። በዚህ አፍ ውስጥ ብሎን ቢተከል በተፈጥሮ ጥርሱ ላይ የደረሰው በሰው ሠራሹም ላይ ይደርሳል። ኢምፕላንት አይቦረቡርም እንጂ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ይመረቅዛል፣ ይለቅቃል። ስኳሩ የተስተካከለ ሰው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ሊተከልለት ይችላል። ብዙ ባለሙያዎች ያ የሦስት ወር ልኬት ከ8 በመቶ በታች እስኪወርድ ይጠብቃሉ።

ሌሎችም ቆም ብለው ሊያስቡ የሚገባቸው አሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ብሎኑን የመያዝ ዕድሉ ያነሰ ነው። መንጋጋው ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደ፣ ወይም ለአጥንት መሳሳትና ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስድ አስቀድሞ መናገር አለበት። ወጣቶችም ልብ በሉ፤ መንጋጋ እድገቱን ሳይጨርስ አይተከልም። በኳስ ሜዳ ጥርሱ የወለቀ የ15 ዓመት ልጅ ለጊዜው የሚወልቅ ጥርስ አድርጎ ይጠብቃል። እናቶችን ደግሞ በዚህ አጋጣሚ አደራ የምለው አለኝ። በእኛ አካባቢ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን በስለት የሚያስቀድድ አለ። የሚወጣው የወተት ጥርሱ እንቡጥ ነው፤ ሥሩ ያለው የዘላቂው ጥርስ እንቡጥም አብሮ ይጎዳል። ልጁ አድጎ ጎዶሎ የሚሆነው አንዳንድ ጊዜ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

መንገዱንም መቁጠር ያስፈልጋል። ተከላ አንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ምርመራና ራጅ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ስፌት ማየት፣ ከወራት በኋላ ልኬት መውሰድ፣ ቆቡን መግጠም፣ ከዚያም በየጊዜው ማስጸዳትና ማሳየት አለ። ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ከየጥኖራ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ ማለት ነው። ብሎኑ ቢላላ የሠራው ሐኪም ዘንድ መመለስ ግድ ነው፤ የብሎኑ ዓይነት ብዙ ስለሆነ የአንዱ መፍቻ ለሌላው አይሆንም። ለዚህ ነው የገባውን ዕቃ ስምና ቁጥር በወረቀት አስጽፎ መያዝ የሚያስፈልገው። ጅዳ ወይም ዱባይ ተተክሎ ቢቸና የሚኖር ሰው ይህን ወረቀት ካልያዘ ይቸገራል።

አማራጮቹስ? የሚወልቀው ጥርስ ዋጋው በብዙ እጥፍ ያንሳል፣ ቀዶ ሕክምና የለውም፣ ቢሰበር ይጠገናል። ማታ ማውለቅ፣ ማጠብም ይጠይቃል። ለውዱእና ለጀናባ ትጥበት አውልቆ መጉመጥመጥ ከጥርጣሬ ያወጣል፤ የተተከለው ግን እንደ ራስ ጥርስ ይቆጠራል። ድልድይ የሚባለው ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ በእነርሱ ላይ የሚያርፍ ነው። ጎረቤቶቹ ጥርሶች ጤነኞች ከሆኑ እነርሱን መሞረድ ያሳዝናል፤ ተከላ የሚመረጠውም በዚህን ጊዜ ነው። የታችኛው ጥርሳቸው በሙሉ ላለቀ አረጋውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በሁለት ኢምፕላንት ላይ የሚያዝ የሚወልቅ ጥርስ ቀዳሚ ምርጫ ይሁን ብለዋል። አሥራ አራቱን በአሥራ አራት ብሎን መተካት አያስፈልግም። ለአጎቴም ቢሆን ለአራቱ ጥርስ ሁለት ብሎን ይበቃ ነበር፤ ያ ባለሙያ ግን አራት ነበር የቆጠረው።

ለልጃቸው ስልክ ደውለን ሁሉን ነገርናት። አለቀሰች፤ ገንዘቧ የተናቀ መስሏት ነው። «አልተናቀም፣ ቀን እየጠበቀ ነው» አሏት አባቷ። ከገንዘቡ ጥቂቱ ለድድ ሕክምና፣ ለስኳር መድኃኒትና ለሚወልቅ ጥርስ ወጣ፤ የቀረው በስሟ ባንክ ተቀምጧል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጥርሱ አስቸገራቸው፤ አፋቸው በምራቅ ይሞላ፣ ቃላቸውም ይንሸራተት ነበር። ብቻቸውን ዛፍ ሥር ተቀምጠው እንደ ጀማሪ ልጅ ሐርፍ ሲቆጥሩ ሰነበቱ።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ትልቁ ደረሳ ከኋላ ተቀምጧል። አጎቴ ሣ ላይ ሲደርሱ ወደ ማንም አልጠቆሙም። የሦስት ወሩ የስኳር ልኬት 7.8 ሆኗል፤ ቀጣዩን ስናስለካ የራጅ ፊልሙንም አብረን እናስነሣለን።