ካቡ ከፈረሰ መንገዱ ወዴት አለ?

በእግሩ የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ከፊቱ የተዘረጋውን መንገድ እንጂ መንገዱን የተሸከመውን ነገር አይደለም። ዓይኑ በባሕሩ ስፋትና በመንደሮቹ ውበት ላይ ያርፋል፤ የሚረግጠው መሬት በማን ጉልበት እንደቆመ ግን ብዙም አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ መዘንጋት መንገዱን እስከማሳጣት፣ አልፎም ሕይወትን እስከማስከፈል ሊያደርስ ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ኢጣልያ፣ በሊጉርያ ባሕር ዳርቻ የሚገኙት የቺንኴ ቴሬ መንደሮች ለዚህ ምስክር ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቺንኴ ቴሬ ማለት «አምስቱ ምድሮች» ማለት ነው። ሪዮማጆሬ፣ ማናሮላ፣ ኮርኒሊያ፣ ቬርናዛና ሞንቴሮሶ የተባሉት አምስት መንደሮች ከባሕሩ ቀጥ ብሎ በሚነሣ ገደላማ ተራራ ላይ ተጠግተው ይኖራሉ። በ1870ዎቹ ዓመታት የባቡር ሐዲድ እስኪዘረጋ ድረስ ሕዝቡ ከመንደር ወደ መንደር የሚገናኘው በጀልባ ወይም በእግር መንገድ ነበር። ዛሬ ጎብኚው ለመዝናናት የሚሄድበት መንገድ ትናንት ገበሬው ወይን የተሸከመበት ነው።

መንደሮቹን በባሕሩ ዳር የሚያያይዘው ዋናው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዳሩ ግን ዳገቱና ቁልቁለቱ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ማለዳ ከሪዮማጆሬ የተነሣ መንገደኛ በገደሉ ወገብ ላይ በተቆረጠው «የፍቅር መንገድ» አልፎ ወደ ማናሮላ ይደርሳል። ከዚያ በብዙ ደረጃዎች ወደ ቮላስትራ ወጥቶ፣ በሐረገ ወይን መካከል አቋርጦ ወደ ኮርኒሊያ ይወርዳል። ኮርኒሊያ ከባሕሩ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በአለት ላይ የተሠራች መንደር ናት። ከቀትር በኋላ በወይራ ዛፎች ጥላ ሥር ወደ ቬርናዛ፣ በመጨረሻም ወደ ሞንቴሮሶ ይዘልቃል። በዚህ ጉዞ ሁሉ ከግራና ከቀኙ የማይለየው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የእርከን ካብ ነው።

ካብና ግንብ የተለያዩ ናቸው። ግንብ በኖራ ወይም በስሚንቶ ተጣብቆ ይቆማል፤ ካብ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ማጣበቂያ ተመርጦና ተገጣጥሞ ይሠራል። የካብ ጥቅሙም በዚሁ ላይ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል እየሰረገ ይወጣል፤ አፈሩ ግን በስፍራው ይቀራል። ይሁን እንጂ ካብ ዘወትር ጠባቂ ይፈልጋል። ጥቂት ድንጋይ ሲወድቅ ወዲያው ካልተመለሰ ካቡ ያብጣል፣ ቀጥሎም ይናዳል፤ የላይኛው እርከን ሲናድ የታችኛውን ይዞ ይወርዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለካብ እጅግ ይስማማል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሰዎች አድካሚውን የእርከን እርሻ እየተዉ ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ፤ በኋላም ጎብኚን ማስተናገድ ወይን ከመትከል የበለጠ ገቢ አስገኘ። ዩኔስኮ አካባቢውን በ1997 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ1999 ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ስሙ ሲገን ግን ብዙው እርከን ጠፍ ሆኖ ቀረ። ኦክቶበር 25 ቀን 2011 ከባድ ዝናብ ወርዶ ጎርፍና ናዳ ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን አጥለቀለቀ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በ2012 በ«ፍቅር መንገድ» ላይ አለት ተንዶ ጎብኚዎችን አቆሰለ፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይበልጠው ይህ መንገድ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2024 ነው። እርግጥ ነው፣ ለዚህ ሁሉ ጥፋት የካብ መፍረስ ብቻውን ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ዝናቡ ከልክ ያለፈ ነበር፣ የአለቱም ጠባይ የራሱ ድርሻ አለው። ሆኖም ጠባቂ ያጣ ተራራ እንዲህ ያለውን ዝናብ የሚቋቋምበት አቅም ያነሰ ነው።

አንዳንዶች መፍትሔው የጎብኚውን ቁጥር መቀነስ ነው ይላሉ። በጠባብ መንገድ ላይ ሰው መብዛቱ ችግር መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ጎብኚው ስለቀረ የወደቀው ድንጋይ ወደ ቦታው አይመለስም። ሌሎች ደግሞ ካቡን በስሚንቶ ግንብ መተካት ይሻላል ይላሉ። ግንብ ግን መውረጃ በሚገባ ካልተበጀለት ውሃውን ከጀርባው ያቁረዋል፤ የታቆረ ውሃ ደግሞ ግንቡንም ይገፋዋል። እንግዲህ የሚሻለው በመንገዱ የሚጠቀም ሁሉ መንገዱን በማቆየት ሥራ እንዲካፈል ማድረግ ነው። በቺንኴ ቴሬ መንገደኛው ለዋናው መንገድ ክፍያ ይከፍላል። ከዚህ ገንዘብ የመጀመሪያው ድርሻ ለካቡና ካቡን ለሚጠብቀው ገበሬ ሊውል ይገባል፤ የካብ ሙያም ለወጣቶች የሚያኮራና የሚያኖር ሥራ መሆን አለበት።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኮንሶ ሕዝብ እጅ የተካቡት እርከኖች፣ አንዳንዶቹም እስከ አምስት ሜትር የሚደርሱት፣ ከሃያ ትውልድ በላይ ያስቆጠሩ ናቸው፤ በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በ2018 ደግሞ ኢጣልያን ጨምሮ የስምንት የኤውሮፓ አገሮች የካብ ሙያ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። መዝገብ ግን ድንጋይ አያነሣም። በሊጉርያም ሆነ በኮንሶ ካቡን ያቆየው ስሙ ሳይሆን፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ወጥቶ የወደቀውን ድንጋይ ወደ ቦታው የመለሰው እጅ ነው። ስለዚህ መልካም መንገድ የምንወድ ሁሉ ከመንገዱ አስቀድመን ለዚህ እጅ እናስብ።