ሴፍቲኔቱ በሬውን አቆየ፤ ልጁንስ?
የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ መግባታቸው ማንንም አላስገረመም፤ ዝናብ በቀረ ቁጥር እርዳታ የሚጠብቁ ወረዳዎች ነበሩና። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አቅም ያለው ቤተሰብ በአንድ ሰው በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል ወይም መንገድ ይጠርጋል፣ እስከ 6 ወር ድረስም እህል ወይም ብር ይቀበላል። ይህን የሚያናንቁ ሰዎች አይገቡኝም። ክረምት ሲቃረብ ጎተራው የተራቆተ ገበሬ በሬውን በርካሽ ይሸጣል፤ በሬ ሲያጣ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ አዝመራው ሲሰበሰብም ግማሹን ከሌላው ቤት ያየዋል። ሴፍቲኔቱ ይህን ውድቀት ለብዙዎች ገትቷል። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የሴፍቲኔቱ እህልም ለቀበሌው ነዋሪ ነው የሚሰጠው። እንግዲህ ተዳፋቱን ትቶ ከተማ ልግባ የሚል አባወራ ሁለቱንም ጥሎ ሊሄድ ነው፤ ማን ይደፍራል? በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዘመን ደግሞ ስንት ቤተሰብ ራሱን ችሎ ከሴፍቲኔቱ «ተመረቀ» የሚለው ቁጥር ከገበሬው ጎተራ ይልቅ የባለሥልጣኑን ሪፖርት ሞላ። መሬት ያልደረሰው ወጣት ግን በማንኛውም ሪፖርት ውስጥ በቅጡ አይታይም፤ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳል፣ አንዳንዱም ከደመወዙ ጋር ወባ ይዞ ይመለሳል። እርከኑ ይቀጥል፤ ከበጀቱ የተወሰነው ግን በእነዚሁ ወረዳዎች ከተሞች፣ በነፋስ መውጫና በወገዳ፣ ለዚህ ወጣት ሥራ መክፈቻ ይዋል፣ ያውም የቀበሌ መታወቂያ ሳይጠየቅ።