«ስንት ሬክተር ነው?» ብቻ አትጠይቁ

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ሁላችንም ስልካችንን አነሳን። ጥያቄያችን አንድ ነበር፦ «ስንት ሬክተር ነው?» እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ይጨመርበት እላለሁ፦ ቤታችን የቆመው ምን ዓይነት መሬት ላይ ነው?

ሜክሲኮ ሲቲን ተመልከቱ። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 (እ.ኤ.አ.) በሬክተር ስኬል 8 ገደማ የተለካ መንቀጥቀጥ በፓስፊክ ዳርቻ ተነሳ። ከተማዋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ብትርቅም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁባት። የሚገርመው፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ዓለት ላይ የተሠሩት ሰፈሮች እምብዛም አልተጎዱም። ክፉኛ የወደመው በጥንቱ የቴስኮኮ ሐይቅ ደለል ላይ የተሠራው ክፍል ነው። በደለሉ ላይ የተመዘገበው ንቅናቄ በዓለቱ ላይ ከተመዘገበው አራት እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ሞገዱ ከዓለት ወጥቶ ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን ስለማይጠፋ ንቅናቄው ይጎላል። እርጎ የያዘ ሳህን ነቅነቅ አድርጋችሁ ተዉት፤ ሳህኑ ቆሞም እርጎው ይርገበገባል። የሕንፃው መወዛወዝ ከአፈሩ ጋር ከገጠመ ደግሞ ዥዋዥዌን በሰዓቱ እየደጋገሙ እንደመግፋት ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ይበልጥ የተመቱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ነበሩ።

አዲስ አበባም መሬቷ አንድ ዓይነት አይደለም። እንጦጦ ዓለት ነው፤ በቦሌና በአቃቂ በኩል ግን ዋልካ አፈር ያለባቸው ሰፈሮች አሉ። ፎቆቻችንም እየረዘሙ ነው።

«ኑሮው ራሱ እየነቀነቀን ስለ አፈር ማን ያስባል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የአፈር ምርመራ ወጪ ከሕንፃው ወጪ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሕጉም አለ፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሕንፃ ኮዳችን መሬቱን በዓይነት ለይቶ ዲዛይኑ ያንን እንዲከተል ያዛል። የሚያሰጋኝ ምርመራው ለፈቃድ ተብሎ ፋይል ውስጥ የሚገባ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር ነው።

ስለዚህ አፓርታማ ስትገዙ ስለ ሊፍቱና ስለ ሴራሚኩ እንደምትጠይቁ ሁሉ «የአፈር ምርመራውን አሳዩኝ» በሉ። ከተማ አስተዳደሩም የየሰፈሩን መሬት ዓይነት ማንም ሊያነበው በሚችል ካርታ ያውጣልን። ቀጣዩ ንዝረት መቼ እንደሚመጣ የሚነግረን የለም፤ ከእግራችን በታች ያለውን ግን ዛሬውኑ ቆፍረን ማወቅ እንችላለን።