የት ታድራለህ?

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች መጻፍ ልማዳችን ሆኗል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ማደሪያ ነው። አትሣቁብኝ፤ ጨርሳችሁ አንብቡና ከዚያ በኋላ ፍረዱ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ተነሥቼ ለገጣፎ እሄዳለሁ። አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አስጠናለሁና ነው። ለገጣፎን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ዛሬ የሸገር ከተማ ክፍል የሆነች፣ ገንዘብ ያለው ሰው ልጆቹን ከጭስና ከግርግር አውጥቶ ለማሳደግ የሚመርጣት ቦታ ናት። በመንደሩ ቅጥር በር ላይ ዘበኛው መታወቂያዬን ይቀበለኛል፤ ስወጣ ይመልስልኛል። ውስጡ ሣሩ የታጨደ፣ መንገዱ የተጠረገ፣ ሕፃናት ያለ ሥጋት ብስክሌት የሚነዱበት ነው። ይህን በምቀኝነት አልናገርም፤ ልጅ ቢኖረኝ እኔም መኪና ሳይፈራ እንዲሮጥ እወድ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ተማሪዬን ስለ ቤተሰቡ አንድ አንቀጽ ጻፍ ብለው፣ «አባቴ እሑድ እሑድ ቤት አለ» ብሎ ጀመረ። አባቱ ነጋዴ ናቸው፤ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ፤ የሚመለሱትም ልጁ ከተኛ በኋላ ነው። ቤቱ የተሠራው ለልጁ ሲባል ነበር።

ከቅጥሩ ውጭ ያለው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በ2011 ዓ.ም. በዚያችው በለገጣፎ ሕገ ወጥ ተብለው ብዙ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ ዜናውን ሁላችንም ሰምተናል። በቅጥር ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ከግንቡ ወዲያ ማን እንዳደረና ማን ሜዳ ላይ እንደቀረ ለማወቅ የሚያስገድደው ነገር የለም። ነገሩ የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 በኒው ዮርክ አጠገብ በድንች እርሻ ላይ ሌቪታውን የምትባል የቤተሰብ ከተማ መሠራት ጀመረች፤ ለልጆች የተመቸች ተብላ ተወደሰች፤ የመጀመሪያው የኪራይ ውል ግን ጥቁር ሰው እንዳይኖርባት የሚከለክል ቃል ነበረበት።

«ይህ ሁሉ ለያዮ ልጅ ምኑ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ምኑ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያዮ በበደሌና በመቱ መካከል፣ ቡና በዱር በሚበቅልበት አገር ያለች ከተማ ናት። ደኑን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል፤ ስፋቱም ከ160 ሺህ ሄክታር ይበልጣል። ቅጥርና ዘበኛ ያለው መንደር የላትም። ያላት ሚኒባስ ነው። ጧት ከመቱ የሚመጣው ሚኒባስ መምህሩን፣ ነርሷን፣ የወረዳውን ባለሙያ ያራግፋል፤ ማታ ለቅሞ ይመልሳቸዋል። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፤ እዚያው ወልደው ከብደው የሚኖሩ አሉ። ግን ማታ ከሚኒባሱ ወዲህ ያለውን አደባባይ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። ሻይ ቤቱ ባዶ ነው፤ የሚከራይ ክፍል ያሠራችው እመቤት ቁልፉን ይዛ ትጠብቃለች። ደመወዙ የሚወጣው በያዮ ስም ነው፤ የሚመነዘረው ግን መቱ ነው።

ለገጣፎ ባለጸጋው አድሮባት የሚሄድባት ከተማ ናት። ያዮ ደግሞ ደመወዝተኛው ውሎባት የሚሄድባት ሆነች።

በተማርሁበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህራችን ዝናብ የበረታ ዕለት የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ትተው ይሄዱ ነበር፤ መኪናው እንዳያመልጣቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ካስተማሩኝ ሁሉ የበለጡት እርሳቸው ናቸው፤ የሚቈጨኝም ይኸው ነው። ያመለጠንን ትምህርት ግን ራሳችን እናካክሰው ይሆናል። የማይካካሰው ሌላ ነው። የከተማው ቧንቧ ሲደርቅ አቤቱታ መጻፍ የሚያውቀው፣ የቢሮውን በር የሚያውቀው ሰው፣ ማታ የሚታጠበው በመቱ ውሃ ነው። ታዲያ ስለ ያዮ ቧንቧ ማን ይጩኽ? እናቴ ጀሪካን ተሸክማ ወንዝ ትወርዳለች እንጂ ማመልከቻ አትጽፍም።

በ2004 ዓ.ም. ግድም የማዳበሪያ ፋብሪካው ሥራ ሲጀመር ከተማችን ሰው ልታገኝ ነው ብለን ነበር። ገበሬ ከመሬቱ ተነሣ፤ ፋብሪካው ግን በተባለው ጊዜ አልደረሰም፤ ከሩቅ የመጣውም ሠራተኛ ሥራው ሲቀዘቅዝ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ሰው መጥቶ ስለ ዋለ ብቻ ከተማ እንደማይሆን ያን ጊዜ አይተናል።

ከዚህም የባሰውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጎሬ አለ። ጎሬ የኢሉባቦር መቀመጫ ነበር። ቡናው በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን በሚወርድበት ዘመን የነጋዴ አገር ነበር፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ነበረበት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ የኢትዮጵያ መንግሥት ስም የቀረው በራስ እምሩ መሪነት በጎሬ ነበር። ኋላ መቀመጫው ወደ መቱ ሲዛወር ጎሬን ጠላት አላፈረሰውም፤ ቤቱም መንገዱም በቦታው ነበር። የሄደው ሹሙ፣ ጸሓፊው፣ ደመወዝተኛው ነው። ዛሬ ጎሬ ሄዳችሁ ሽማግሌ ጠይቁ፤ ብዙ ያጫውቷችኋል።

«እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ?» የሚለውን አልሸሽም። ሚስቱ መቱ ትሠራለች፤ ልጁ ቢታመም ሆስፒታሉ ያለው መቱ ነው፤ መብራቱም ይሻላል። በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም ሚኒባሱን እሳፈር ነበር። ስለዚህ ሰውየውን መስደብ ከንቱ ነው። የሚጠየቀው በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው አጠገብ የሚኖርበት ቤት ያልሠራው በጀት ነው። ለስብሰባ አበል የሚገኝ ገንዘብ ለአራት ክፍል ቤት ለምን እንደሚጠፋ ማኅበራችን በስብሰባው አንሥቶ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

እኛ ግን በጀት እስኪመጣ የምንጠብቅበት ምክንያት የለንም። ሚስት የለን፣ ባል የለን፣ ልጅ የለን፤ ያለን አንድ ፍራሽና አንድ ሣጥን መጽሐፍ ነው። ተመርቀን ለያዮ፣ ለሁሩሙ ወይም ለሌላ ትንሽ ከተማ ብንመደብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እዚያው ብናድር ምን ይጎድልብናል? ማታ የሚያጠና ልጅ በራችንን ያንኳኳል፤ ውሃው ሲጠፋ ከጎረቤት ጋር አብረን እንጠማለን፤ ያን ጊዜ ማመልከቻው ሳይውል ሳያድር ይጻፋል።

ይህን ስጽፍ ደፋር መስዬ እታያችሁ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት እናቴ ደውላ፣ «ስትጨርስ እዚህ ይመድቡህ ይሆን ልጄ?» አለችኝ።

«ይሆናል እማዬ» አልኋት።

«እንግዲያ ጓሮ ያለችውን ክፍል ላስመርግልህ?»

ስለ ፈተና አንሥቼ ወሬውን ለወጥሁባት።