በረዶውን ተዉትና መጀመሪያ ቁርሷን ጠይቁ



የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ቁጣ አለበት። አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን በተለይ የሚሮጥ ልጅ ያላችሁ ወላጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በቅርቡ እዚህ ገደብ አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ እንዳይታወቁም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ልጅቷ ሯጭ ናት። ጭጋጉ ሳይገፈፍ ተነስታ ቡናና እንሰት መሃል ባለው መንገድ ትሮጣለች፤ ከዚያ ተጣጥባ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የግራ ቅልጥሟን ማመም ከጀመራት ሁለት ወር ሊሞላ ነው።

"ታዲያ እስካሁን ምን ስታደርጉ ቆያችሁ?" አልኳቸው።

እናት የመለሱልኝ በኩራት ነው። "ዶክተር፣ እኔ ምን አጎደልኩባት? ትልልቆቹ ሯጮች የሚያደርጉትን በስልክ አሳየችኝ። በየቀኑ በረዶ አዘጋጅላታለሁ።"

በሃይላንድ ላስቲክ ውሃ ሞልተው ጎረቤት ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጣሉ። ለባለሱቁ የመብራት እያሉ ይከፍላሉ። ማታ ላስቲኩን ቀደው በረዶውን ሳፋ ውስጥ ይገለብጡና ልጅቷ እስከ ጉልበቷ ትዘፈዘፋለች። መብራት የጠፋ ቀን ልጅቷ ታለቅሳለች አሉኝ።

ቀጥዬ ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁ። "ጠዋት ከመሮጥሽ በፊት ምን ትበያለሽ?" ምንም። "ከሮጥሽ በኋላስ?" ሻይ፣ ካለ ዳቦ። "ምሳ?" ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቆጮ በጎመን። "ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?" አምስት ሰዓት፤ አስራ አንዱ ሳይሞላ ትነሳለች። "የወር አበባሽ በየወሩ ይመጣል?" እናቷን አየች፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየች። አምስት ወር ሆኖታል። እናት አያውቁም ነበር።

ቅልጥሟን በጣቴ ስዳስስ፣ የሳንቲም ስፋት ያላት አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ ከአልጋው ዘላ ልትነሳ ነበር። ራጁ ንጹሕ ነው። ይህ ግን አያታልላችሁ፤ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ምርመራዋም ታሪኳም የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ አጥንቷ እየተሰነጠቀ ነው።

ቁጣዬ እዚህ ላይ ነው። በረዶው አጥንቷን አልሰበረውም። ያደረገው ነገር ህመሙን ማደንዘዝ ነው። ማታ ታደነዝዘዋለች፤ ጠዋት ተነስታ በተሰነጠቀው አጥንት ላይ እንደገና ትሮጣለች። ሁለት ወር ሙሉ ሰውነቷ "አቁሚ" እያለ ሲጮህ፣ እኛ አፉን በበረዶ ስንሸፍነው ነበር።

በረዶ የሚሠራው ምንድን ነው?

ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻ ይዝላል፣ ይቆረጥማል። ህመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሳል፤ ከዚያ ራሱ ይለቃል። ቀዝቃዛ ውሃ የደም ሥርን ያጠባል፣ ህመም የሚያስተላልፈውን ነርቭ ያዘገያል። ስለዚህ ሰውየው ቀለል ይለዋል። ይህን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 17 ትንንሽ ጥናቶችን፣ በድምሩ 366 ሰዎችን አይቶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ የጡንቻ ህመምን እንደሚቀንስ ደምድሟል። ስለ ጉዳቱ ግን ጥናቶቹ በቂ መረጃ እንዳልሰጡም ጽፏል።

ህመም መቀነስ ግን መዳን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ብልህ ነገር ሠሩ። ከከባድ ልምምድ በኋላ አንዱን ቡድን 10 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገቡ። ሌላውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስገብተው "ይህ ጡንቻን የሚያድስ ልዩ ዘይት ነው" ብለው ተራ የገላ ሳሙና ጨመሩበት። የሁለቱ ቡድኖች የጡንቻ ጉልበት አመላለስ ተመሳሳይ ሆነ። ከበረዶው ጥቅም ትልቁ ክፍል እምነት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እምነት ደግሞ በፍሪዘር አይገዛም።

ሌላም አለ። ከልምምድ በኋላ ጡንቻ ላይ የሚነሳው ብግነት የጥገናው ሥራ አንድ አካል ነው፤ ጡንቻ እየተጠገነ ነው የሚጠነክረው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ለ12 ሳምንት ክብደት እያነሱ ከልምምድ በኋላ 10 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገቡት ወጣቶች፣ ቀስ ብለው ፔዳል እየመቱ ካቀዘቀዙት ያነሰ ጡንቻና ያነሰ ጉልበት ነው ያተረፉት። ለፍትሕ ያህል፣ ረጅም ርቀት ሯጭ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት በግልጽ አልታየም። ስለዚህ በረዶ ለሯጭ መርዝ ነው አልልም። የምለው፣ ምግብና እንቅልፍ ለሌላት ልጅ በረዶ ምንም አይጨምርላትም ነው።

"በረዶ አድርጉ" የሚለውን የጉዳት ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፉ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሱ፣ ከዓመታት በኋላ በረዶ ፈውስን ሊያዘገይ ይችላል ብሎ ሐሳቡን መቀየሩንም እወቁልኝ።

"ኪፕቾጌስ?" ለምትሉኝ

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በረዶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ብሪታንያዊቷ ፓውላ ራድክሊፍም ትገባ ነበር። ግን ቪዲዮው የሚያሳየን የቀኑን አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ኪፕቾጌ ሙሉ ሰው ነው፤ አጥንቱ አድጎ ጨርሷል። ምግቡ በሰዓቱ ይቀርብለታል፤ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይተኛል፤ አሠልጣኝ አለው፣ ፊዚዮቴራፒስት አለው። በረዶው የዚያ ሁሉ መጨረሻ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ነገር ናት። እኛ መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁሉ ዘለን መጨረሻዋን ብቻ ገለበጥን። ቤቱ ሳይሠራ መጋረጃ መግዛት ነው።

ደግሞስ እኛ ከማን ልንማር ነው? አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው በረዶ በጆንያ ስለተጫነለት አይደለም። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ አካባቢ ሲወጡ የበረዶ ገንዳ ጠብቀው አልነበረም። ከፍታው፣ ልምምዱ፣ ዕረፍቱና ማዕዱ ነው የሠራቸው። ከፍታው ለገደብም ተሰጥቷታል። የቀረውን ማሟላት የእኛ ፋንታ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

የእናትየው አይደለም። እሳቸው ያላቸውን ሰጥተዋል። ልጅቷም ጥፋተኛ አይደለችም።

ጥፋቱ "የሻምፒዮኖች ምስጢር" እያሉ ቪዲዮ ለሚለቁ፣ ከሥር ደግሞ ዕቃ ለሚሸጡ ሰዎች ነው። "ህመም ድክመት ነው፣ ታገሺ" ለሚሉ አሠልጣኞችም ነው። የእኛ የሐኪሞችም ነው። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን፣ ቅልጥሙን ያመመውን ወጣት "በረዶ ያዝበት፣ ማስታገሻ ውሰድ" ብዬ በሁለት ደቂቃ ሸኝቻለሁ። ምን እንደሚበላ አልጠየቅሁትም። ተመልሶም አልመጣም። እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

የበረዶውን ገንዘብ ደግሞ እናስላው። እናትየው ለፍሪዘር በሳምንት የሚከፍሉትን ደመርን። በዚያው ብር ልጅቷ በየቀኑ አንድ እንቁላል ትበላ ነበር። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ብቻውን የሚሮጥ ልጅ አያሳድግም። እንቁላሉ ገበያ ላይ ነበር፤ ብሩ ግን በየማታው ሳፋ ውስጥ እየቀለጠ ነው ያለቀው።

በረዶ ውሃ ውስጥ ጨርሶ መግባት የሌለባቸው

ድንገት በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይጨምራል። ጤነኛ ሰው ይቋቋመዋል። የሚከተሉት ግን አይሞክሩት፦

1. የልብ ችግር ያለባቸው። በአገራችን ከቶንሲል ኢንፌክሽን በኋላ በሚመጣ የሩማቲክ በሽታ ልባቸው የተጎዳ፣ ግን ያልታወቀላቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው። ልጃችሁ ከእኩዮቹ በላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ሲሮጥ ራሱን የሚስት ከሆነ፣ በረዶውም ሩጫውም ቆሞ መጀመሪያ ይመርመር።
2. የደም ግፊት፣ አስም ወይም እግራቸው የሚደነዝዝ የስኳር ታማሚዎች።
3. ብቻውን ያለ ልጅ። በረዶ ጠፋ ብሎ ወንዝ ውስጥ መዘፍዘፍም መፍትሔ አይደለም፤ መስጠም አለ፣ ውሃው በሽታም ሊያስይዝ ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ ለሕፃናት ወላጆች፦ ትኩሳት ያለውን ሕፃን በቀዝቃዛ ውሃ ወይም በበረዶ አትንከሩት። ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጥ ደግሞ የውስጥ ሙቀቱን ይጨምራል። ልብሱን አቅልሉለት፣ ፈሳሽ ስጡት፣ ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ ስጡት፤ የትኩሳቱ ምክንያት ወባ ወይም የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም አምጡት።

በረዶ ነፍስ የሚያድንበት አንድ ቦታ

ሙቀት ባለበት ሲሮጥ ቆይቶ የሚንገዳገድ፣ የሚቀባጥር ወይም ራሱን የሳተ ሯጭ ካያችሁ፣ ሰውነቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ግሎ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው አእምሮውና ጉበቱ እየተቀቀለ ነው። እዚያው፣ ወዲያው፣ ያገኛችሁት በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገቡት፣ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ደግፋችሁ ያዙ። ገንዳ ከሌለ ውሃ በላይ በላዩ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። በአሜሪካ ፋልማዝ በሚባለው የጎዳና ላይ ሩጫ፣ በ18 ዓመት መረጃ ውስጥ እንዲህ የወደቁ 274 ሯጮች በዚህ መንገድ ታክመው አንድም አልሞተም። የሩጫ ውድድር የምታዘጋጁ ሁሉ በረዶውን ለዚህ አስቀምጡልኝ።

ታዲያ ሯጭ ልጄን እንዴት ልርዳው?

1. ባዶ ሆድ አይሩጥ። ሙዝ፣ ቂጣ፣ ያለው ይበቃል። ሮጦ እንደገባ ደግሞ ቶሎ ይብላ።
2. ቆጮው ላይ ቦሎቄ፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ወተት ጨምሩለት።
3. ከ8 ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍ ይተኛ። ከዚህ የሚበልጥ "ሪከቨሪ" እስካሁን አልተገኘም።
4. በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ይረፍ። ልምምዱ በአንድ ጊዜ አይጨመርበት።
5. ከሩጫ በፊት ህመም ለመደበቅ ዲክሎፌናክ አይዋጥ፣ አይወጋ። ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳል።

እነዚህን ካያችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡልን፦ በጣት የሚጠቆም አንድ ቦታ ላይ የሚያም አጥንት፤ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ህመም፤ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቀረ የወር አበባ፤ የማይለቅ ድካምና የፊት መገርጣት። ቅልጥሙንም ለወጌሻ ሰጥታችሁ አታሳሹት፤ የተሰነጠቀ አጥንት በመታሸት ይብሳል።

ሴት ልጅ ላላችሁ አንድ ቃል። አንዳንድ አሠልጣኝ "የወር አበባ መቅረት የጥሩ ልምምድ ምልክት ነው" ይላል። ውሸት ነው። ሰውነቷ የሚበቃው ምግብ ስላላገኘ ሥራ እያቋረጠ ነው። አጥንት ዕድሜ ልኩን የሚቆይበትን ጥንካሬ የሚያጠራቅመው በዚህ ዕድሜ ነው። እናቶች፣ ጠይቋቸው። አታሳፍሯቸው፣ ግን ጠይቋቸው።

ልጅቷ አሁን ሩጫ አቁማለች። የደም ማነስ ተገኝቶባት አይረን ጀምራለች። በጉጉት የምትጠብቀው የውድድር ምርጫ አምልጧታል፤ አልቅሳለች፣ እኔም ልቤ ተነክቷል። ተመልሳ እንደምትሮጥ ተስፋ አለኝ፤ ቀኑን የሚወስነው ግን አጥንቷ ነው። እናት ባለፈው ሲመጡ "ዶክተር፣ የፍሪዘሩን ሒሳብ ዘጋሁ" አሉኝ። "በምትኩስ?" አልኳቸው። "ሁለት ዶሮ ገዛሁ።"

ከዚህ የተሻለ የሐኪም ማዘዣ እኔም አልጽፍም።

የሚሮጥ ልጅ ላለው ወላጅና ለአሠልጣኞች ሼር አድርጉልኝ። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ።

ጤና ይብዛላችሁ!