ሐኬት ያልነው ሕመም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ዓምድ ስለ ጾምና ስለ ስግደት ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ራሳችን ስለ ተሳሳትንበት ነገር ነው። ከቤይሩት ወደ ገዳማችን የሚመጡ እኅቶች ጥቂቶች አይደሉምና፣ ስሕተታችን ለንስሓ አባቶችም ለሕሙማንም ትምህርት ይሁን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአገልግሎት ወደ ሊባኖስ ተልከን በቤይሩት ዳርቻ በቡርጅ ሐሙድ ሰንብተን ነበር። ቡርጅ ሐሙድና አጠገቡ ያለው ዶራ እሑድ እሑድ የአገራችን ሰው የሚገናኝባቸው ሰፈሮች ናቸው። አብዛኞቹ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ እኅቶች ናቸው። በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሩ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም «ከፋላ» በሚባለው ሥርዓት ከአሠሪያቸው ጋር የተሳሰረ ነው። እንዲያም ሆኖ የዕረፍት ቀን ያገኘች ሁሉ ያቺን አንዲት ቀን ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች።

ከእነርሱ መካከል በዝማሬዋ የታወቀች አንዲት እኅት ነበረች። የጡት ካንሰር ይዟት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ኬሞቴራፒ ወሰደች፤ በመጨረሻም ደረቷና የአንገቷ ሥር በጨረር ታከመ። ገንዘቡን እኅቶቿ ከደመወዛቸው አዋጡላት። ሕክምናው ሲፈጸም ሁላችንም ምስጋና አደረስን።

ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ያቺ ትጉህ እኅት ሌላ ሰው ሆነች። በጸሎት መካከል ታንቀላፋለች፤ በቤይሩት የሐምሌ ሙቀት ሹራብ ትደርባለች፤ ድምፅዋ ሻከረ፤ ምግብ ሳትጨምር ሰውነቷ ከበደ፤ ለዓመታት የዘመረችውን መዝሙር ቃሉን ትረሳለች። «አባታችን፣ እግዚአብሔር ከሞት አውጥቶኝ ሳለ እኔ ማመስገን አቃተኝ» ብላ አለቀሰች። እኛም በአበው መጻሕፍት ያነበብነውን ሐኬትን አሰብን፤ መነኩሴን በቀትር የሚዋጋውን የመታከት መንፈስ ማለት ነው። መድኃኒቱ ትጋት ነው ብለን ስግደት ጨመርንባት። ታዘዘች፤ እየታዘዘችም ባሰባት።

ሕመሟን ያወቀላት ካህን አልነበረም። አንዲት አሮጊት የምታስታምም ባልንጀራዋ «የእኔም ማዳም እንዲሁ ነበረች፤ አሁን በየማለዳው ከቡና በፊት ትንሽ ክኒን እሰጣታለሁ። ደምሽን ተመርመሪ» አለቻት። ተመረመረች፤ የታይሮይድ ዕጢዋ እጅግ ደክሞ ተገኘ።

ይህ ዕጢ በአንገት ፊት፣ ከማንቁርት በታች የተቀመጠ፣ ቅርጹ ቢራቢሮ የሚመስል ትንሽ አካል ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የምግብን መፈጨትና የአእምሮን ንቃት ይመራል። የጡት ካንሰር ወደ አንገት ሥር ዕጢዎች እንዳይዛመት በዚያ ስፍራ ጨረር ሲሰጥ፣ ጨረሩ ይህንንም ሊነካው ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው ወዲያው ሳይሆን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። የሰውነትን መከላከያ ኃይል አነሣሥተው ካንሰርን የሚያስወጉ አዳዲስ መድኃኒቶችም አንዳንድ ጊዜ ይህንኑ ዕጢ ያስቆጣሉ፤ ያን ጊዜ በመጀመሪያ ልብ በኃይል መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ክሳት ሊታይ፣ ቆይቶም ድካሙ ሊከተል ይችላል።

በአገራችን ደጋማ ስፍራዎች እንቅርት የታወቀ ስለሆነ፣ ብዙዎች አንገታቸውን ዳስሰው እብጠት ካላገኙ ዕጢው ጤነኛ ነው ይላሉ። ይህኛው ግን ሳያብጥ ሊደክም ይችላል፤ በጨረር የተጎዳውንም አዮዲን ያለው ጨው አያድነውም። የሚያሳውቀው «ቲ.ኤስ.ኤች.» የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ይህ ዕጢውን ለሥራ የሚቀሰቅስ፣ በአንጎል ሥር ካለ ሌላ ዕጢ የሚወጣ ሆርሞን ነው፤ ታይሮይድ ሲደክም መጠኑ ከፍ ይላል።

መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ይባላል፤ ሰውነት ያጣውን ሆርሞን ይተካል። በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ከቁርስና ከቡና በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። የብረትና የካልሲየም ክኒን የሚወስድ ሰው በመካከላቸው አራት ሰዓት ያህል ያርቅ። በጾም ወራት አኩሪ አተር የሚያበዛ ሰውም ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያውከው ይችላልና። መጠኑ መስማማቱ የሚታወቀው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ደም በድጋሚ ሲመረመር ነው። ስለዚህ ትዕግሥት ያሻል።

አሁን ወደ ገዳማችን ጉዳይ እንምጣ። አንዳንዶች ለሱባኤ ሲመጡ «ጸበል ልጠመቅ ነው» ብለው ክኒኑን ያቆማሉ። ሰባቱን ቀን በደኅና ይፈጽማሉ፤ ድነናል ብለውም ይመሰክራሉ። ይህ መድኃኒት ግን በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት ሰባት ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በሱባኤው ጊዜ ሰውየውን ያቆመው የቀድሞው ክኒን ሊሆን ይችላል። ድካሙ የሚመለሰው ከሳምንታት በኋላ፣ ከእኛ ርቆ በሰው አገር ሳለ ነው። ያን ጊዜ «እምነቴ ጎደለ» እያለ ያዝናል። ሕመሙ እጅግ ከበረታም ልብን እስከ ማድከምና ራስን እስከ ማሳት ይደርሳል። ጸበሉ ኃይል የለውም ማለታችን አይደለም፤ ያየነውን አይተናል። ነገር ግን የዳነ ሰው መዳኑን በሐኪም ምርመራ ቢያረጋግጥ ለእግዚአብሔር ክብር ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የዐሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ እንደ ተጨመረለት ከእግዚአብሔር ዘንድ ነግሮት ሳለ፣ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ተስፋው መድኃኒቱን አላስቀረውም። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ መምከራቸውን የምታስታውሱ ብዙዎች ናችሁ። ይህንንም ክኒን በጸበሉ መዋጥ ይቻላል።

ስለ ጾም የምትጠይቁን፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሕሙማን ይራራል። ክኒኑ ምግብ አይደለም፤ በባዶ ሆድ የሚወሰድ በመሆኑም ከጾመኛ ጋር ይስማማል። ሥጋ ወደሙ በምትቀበሉበት ቀን፣ የዐሥራ ስምንት ሰዓቱን ጾም ለመጠበቅ፣ ከቆረባችሁ በኋላ ከምግብ በፊት መውሰድ ይቻል እንደ ሆነ ሐኪማችሁንና የንስሓ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። መድኃኒቱ በሰውነት ስለሚቆይ የጥቂት ሰዓታት መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ የሚጎዳው መተው ነው።

በቤይሩት ያላችሁ እኅቶቻችን ያያችሁትን መከራ እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. የአገሩ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በሐዝሚዬ በቆንስላችን ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን የወደቡ ፍንዳታ ሆስፒታሎችን ሳይቀር አፈረሰ፤ በ2013 ዓ.ም. ከፋርማሲ መድኃኒት ጠፍቶ የካንሰር ሕሙማን ለአቤቱታ አደባባይ ወጡ። ስለዚህ ከተቻለ የአንድ ወር ክኒን በመጠባበቂያ ያዙ። ለማብቃቃት ብላችሁ በገዛ እጃችሁ አትክፈሉት። ለመሳለም ስትመጡም የሚበቃችሁን ይዛችሁ ኑ።

እናንተም የንስሓ አባቶች፤ ከካንሰር የዳነች ልጃችሁ ታከትኩ ስትላችሁ፣ አንገቷ በጨረር ታክሞ እንደ ሆነ፣ ብርድ ይሰማት እንደ ሆነ፣ ደሟ ተመርምሮ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድካም የደም ማነስም፣ የልብ ሕመምም፣ የካንሰሩ መመለስም ሊሆን ይችላልና በግምት አትፍረዱ። ስግደቱ ከምርመራው በኋላ ይደርሳል።

ያቺ እኅት ክኒኑን በጀመረች በሁለተኛው ወር ከቅዳሴ በኋላ መጥታ መስቀል ተሳለመች። ይቅርታ ጠየቅናት። «አባታችን፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ ብለው ነው» ብላ ሳቀች፤ ወደ ዘማርያኑም ሄዳ ቆመች። እኛ ግን ያን ስግደት እስከ ዛሬ ስለ እርስዋ እንሰግዳለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።