ከ47ቱ ስንቱን አየህ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ቆጠራ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን የረገጣችሁትን ስቴት ትቆጥራላችሁ፤ ከ63ቱ ብሔራዊ ፓርኮች ስንቱን እንዳያችሁም ከነፎቶው ትለጥፋላችሁ። ካምፕ ሆኖ ያንን የሚያይ አንዳንዱ «ጥጋብ ነው» ይላል። እኔ አልልም። እኛም እንቁጠር ነው የምለው። እንዲያውም ከእናንተ ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል።

ኬንያ 47 ካውንቲ አላት። ካኩማ በኖርኩባቸው 11 ዓመታት የእኔ ቁጥር 6 ደርሷል፦ ቱርካና፣ ዌስት ፖኮት፣ ትራንስ ንዞያ፣ ኡዋሲን ጊሹ፣ ናኩሩ፣ ናይሮቢ። ሕጌ ቀላል ነው። ከመኪና ወርጄ መሬቱን ካልረገጥኩና ቢያንስ ከአንድ ሰው ጋር ካላወራሁ አልቆጥርም። ኪያምቡን በሌሊት አውቶቡስ ተኝቼ ስላለፍኩት አይገባም። ዌስት ፖኮት ግን ኬላ ላይ ተፈትሸን ስናበቃ ሻይ ከሸጡልኝ እናት ጋር ስለ ዝናቡ ስላወራን ይገባል።

ብሔራዊ ፓርክ፦ 0። ሴንትራል አይላንድ የሚባለው ፓርክ እዚሁ ቱርካና፣ ሐይቁ መሐል ነው ያለው። የሐይቁ ውሃ አብዛኛው ከአገራችን በኦሞ ወንዝ የሚወርድ ነው። እሱንም አላየሁትም።

ከእያንዳንዱ ካውንቲ ስም አጠገብ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ስንት ቀን እንደጠየቅኩ፣ ስንት ቀን እንደተፈቀደልኝ፣ ለምን እንደሄድኩ። ከካምፕ ለመውጣት ሙቭመንት ፓስ እንደሚያስፈልግ፣ ለፓሱም ምክንያት እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ። የእኔ ምክንያቶች ሕክምና፣ የመምህራን ሥልጠና እና የሰነድ ጉዳይ ናቸው። «አገሩን ለማየት» የሚል አንድም የለበትም።

የእኔስ ይሁን። አዋቂ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ጎንደርንም ባሕር ዳርንም አይቻለሁ። የሚከነክነኝ የተማሪዎቼ ነገር ነው። ካኩማ ተወልደው ካኩማ አድገዋል። ለኬሲኤስኢ ፈተና የጻቮን አራዊት፣ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች፣ የኬሪቾን ሻይ ያጠናሉ። 47ቱን ካውንቲ ከነዋና ከተማቸው በቃላቸው ይወጡታል። ስንቱን እንዳዩ ስጠይቃቸው የአብዛኞቹ መልስ 1 ነው። እሱንም ቢሆን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችውን ሎድዋርን ሳያዩ። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። «ቲቸር፣ ሻይ ቅጠል ሲለቀም ይሸታል?» ብላ የጠየቀችኝን ልጅ የሰማ ሰው ግን ይህን ተረት አይደግመውም።

«ራሽን በተቀነሰበት ሰዓት ስለ ፓርክ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ራሽን ጠባቂ ያደረገን ምን ሆነና? ከኪታሌ ሽንኩርት አምጥቶ የሚሸጠው ነጋዴ ፓስ ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ የተመደበው ልጅ ፓስ ይፈልጋል። ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የተላከችው እናት ፓስ ትፈልጋለች። እግርና እንጀራ የተያያዙ ናቸው።

ይህን ለኬንያውያን ጎረቤቶቻችን ማስረዳት ከባድ አይደለም። በቅኝ ግዛት ዘመን ጥቁር ወንዶች ኪፓንዴ የሚባለውን ወረቀት በብረት መያዣ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር የሚንቀሳቀሱት። አያቶቻቸው በወረቀት ተፈቅዶላቸው መሄድ ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ የስደተኞች ሕግ ወጣ። በ2025 ደግሞ ካምፖቹን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር አብረን የምንኖርባቸው ሰፈሮች ለማድረግ ሺሪካ ፕላን ይፋ ሆነ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። መሳካቱን የምለካው ግን በስብሰባና በባነር አይደለም። ከአምስት ዓመት በኋላ ያች ልጅ ከ47 ስንት ደረሰች? ደብተሯ ላይ «ለማየት» የሚል ምክንያት ተጻፈ ወይስ አልተጻፈም? መለኪያዬ ይኸው ነው። ዛሬ ያለንበትን ካልጻፍን ደግሞ ነገ መለወጡን በምን እናውቃለን?

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ።

መምህራን፣ በየክፍላችሁ ጠይቁና ቁጥሩን ከነቀኑ መዝግቡ። የልጆቹን ስም አትጻፉ።

ውጭ ያላችሁ፣ መለጠፋችሁን አታቁሙ። ግን ከፎቶው ሥር መንገዱን፣ ሽታውን፣ ያገኛችሁትን ሰው ጨምሩበት፤ ክፍል ውስጥ አነብላቸዋለሁ። ሪያድና ቤሩት ያላችሁ እህቶቻችንም የእናንተን ቁጥር ንገሩን። ከአሠሪ ቤትና ከአየር ማረፊያ ሌላ ያላየ ሰው ከእኛው ጋር ነው የሚቆጠረው።

ቁጥራችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ያለ ፓስ የሄዳችሁበትን ግን እዚህ እንዳትጽፉ፤ እሱን ለራሳችሁ ያዙት።